መጀመሪያ ወረፋው፣ ቀጥሎ መኪናው



በዚህ ዓምድ ስለ እጅ ሥራና ስለ ገበያው ስንጽፍ ቆይተናል። ከሁሉ አብዝታችሁ የጠየቃችሁን ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ «የስፌት መኪና ልንገዛ አስበናል፤ ምን ትመክሩናላችሁ?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ በቅርቡ የመጡ ቤተሰቦች ናቸው። አንዳንዱ በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ነው፤ አንዳንዷም ጥልፍ ትችላለች። ኡልፓኑ ሊያልቅ፣ የክሊታው ገንዘብም ሊቋረጥ ሲቃረብ፣ «እጄ የሚያውቀውን ሥራ ለምን አልሠራም?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ሐሳቡ መልካም ነው። እኛም ሁለታችን፣ የአንድ ቤት ልጅና ምራት የሆንን፣ ይህንኑ አስበን ነው የጀመርነው። ስለዚህ ዛሬ የራሳችንን ሒሳብ ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

ድሪቶ ገበያ ሲወጣ

በአገራችን ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሞ የለበሰ ሰው ድሪቶ ለበሰ ይባል ነበር። ድሪቶ የችግር ምልክት ነው። እዚህ ከመጣን በኋላ በጽዳት ሥራ የምንገባበት አንድ ቤት ነበር። የቤቱ እመቤት አልጋዋ ላይ ያለውን ብርድ ልብስ ከማንኛውም ዕቃ አብልጣ ትሳሳለታለች። ቀረብ ብለን ስናየው ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ ነው! ሁለታችንም ተያይተን ሳቅን። በዕብራይስጥ ስሚኻት ትላኢም ይባላል፤ ሠሪዎቹ ደግሞ ኩዊልት ይሉታል። እርስዋ ራስዋ ናት የሠራችው። «የገጣጠምሁት እኔ ነኝ፤ የመጨረሻውን ስፌት ግን ገንዘብ ከፍዬ ነው ያሠራሁት፤ አራት ወር ጠበቅሁ» አለችን። አራት ወር የሚለው ቃል ጆሯችን ውስጥ ቀረ።

ኩዊልት ሦስት ንጣፍ አለው። ከላይ የተገጣጠመው ጨርቅ፣ ከመሃል የጥጥ ወይም የፖሊስተር ሙሌት፣ ከሥር ደግሞ ገበር። ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ ከዳር እስከ ዳር በስፌት ይያያዛሉ። የላዩን ጨርቅ መገጣጠም በማንኛውም የቤት መኪና ይቻላል። ችግሩ ማያያዙ ላይ ነው። በቤት መኪና ከመርፌው እስከ መኪናው አንገት ያለው ክፍተት ከ15 እስከ 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚያች ክፍተት የአንድ አልጋ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ማሳለፍ ትከሻ ይሰብራል።

ለዚሁ ሥራ የተሠራው መኪና ክንደ ረጅም ነው። ክፍተቱ ከ45 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ጨርቁ ሦስት ሜትርና ከዚያም በላይ በሆነ የብረት መደብ ላይ በጥቅል ተወጥሮ ይቀመጣል። በቤት መኪና የሚንቀሳቀሰው ጨርቁ ነው፤ እዚህ ግን ጨርቁ ቆሞ መኪናው በመንኮራኩር ይሄዳል፤ ሠሪዋም ቆማ በሁለት እጅዋ ትመራዋለች። አንዱ ረድፍ ሲያልቅ የተሰፋው ይጠቀለላል፣ አዲሱ ይፈታል። አባቶቻችን ሸማኔዎች ስለነበሩ የተሠራው እየተጠቀለለ መሄዱ ለዓይናችን እንግዳ አልሆነም።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር

ልባችን በአንድ ጊዜ ተነሣ። አንድ ሻጭ ዘንድ ሄደን ዋጋ ጠየቅን። ማአም ጨምሮ 42,000 ሸቀል አለን። በ48 ወር ተከፋፍሎ በየወሩ 875 ሸቀል መሆኑ ነው፤ ወለዱ ሳይቆጠር። ብድሩን ለመውሰድ ሁለት ዋስ፣ በዕብራይስጥ ዓሬቭ የሚሉትን፣ ማምጣት ነበረብን። ከሁለታችን አንዳችን «ዛሬውኑ እንፈርም» አልን፤ ሌላችን ፈራን። የትኛችን እንደ ፈራን አንናገርም፤ ዛሬም ቤት ውስጥ ክርክር ያስነሣል።

አጎታችን ዘንድ ሄድን። በፋብሪካ ሌሊት ሌሊት የሚሠሩ ሰው ናቸው፤ ለልጃቸው ሠርግ ገንዘብ ያጠራቅሙ ነበር። ወረቀቱን ይዘን «አንቱ ብቻ ይፈርሙልን» አልናቸው። ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፦ «እናንተ ልጆች፣ መኪናው ነገ ቤት ቢገባ፣ ነገ ጧት የማንን ብርድ ልብስ ትሰፋላችሁ?»

መልስ አልነበረንም። አንድም ሰው አልነበረንም። አንዲት ሴት አራት ወር ጠበቅሁ ስላለችን ብቻ ነበር የምንሮጠው። አጎታችን «አልፈርምም አላልሁም፤ ስም ይዛችሁ ኑ» ብለው ሻይ አስቀረቡልን። ያን ቀን ተቀይመን ነበር የወጣነው። ዛሬ ግን ከሰዎች ሁሉ የሚበልጥ ውለታ የዋሉልን እርሳቸው ናቸው እንላለን። ዋስ ማለት ተበዳሪው ካልከፈለ የሚጠየቅ ሰው ነው። የእኛ ስሕተት የእርሳቸውን የሌሊት ሥራና የልጃቸውን ሠርግ ይበላ ነበር።

ወረፋው ቀድሞ የነበረባት ከተማ

ስለዚህ ሙያ ስንጠያይቅና ስናነብ አንድ እውነተኛ ታሪክ አገኘን። አሜሪካ ውስጥ፣ በሚዙሪ ክፍለ ግዛት፣ ሃሚልተን የምትባል ከሁለት ሺህ ያነሰ ሕዝብ ያላት ከተማ አለች። በ2008 እ.ኤ.አ. የገንዘብ ቀውሱ በመጣበት ዓመት የጄኒ ዶን ልጆች ለእናታቸው ክንደ ረጅም መኪና ገዙላት። የሌሎችን ኩዊልት እየሰፋች እንድትተዳደር ነበር ዓላማቸው። ዛሬ ሚዙሪ ስታር የሚባለው የዚህ ቤተሰብ ድርጅት በከተማዋ ዋና መንገድ ላይ ብዙ የጨርቅ ሱቆች አሉት።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ «መኪና ገዙ፣ ሀብታም ሆኑ» ይላል። እኛ ግን ሌላ ነገር ነው ያየንበት። ልጆቹ ወደዚህ ሐሳብ የመጡት እናታቸው የራስዋን ኩዊልት ለሌላ ሰፊ ሰጥታ ለብዙ ወራት ስትጠብቅ አይተው ነው። መኪናው ሳይገዛ ወረፋው ነበረ። ደግሞም ቤተሰቡን ያሳደገው የመኪናው ስፌት ብቻ አልነበረም፤ ጨርቅ መሸጥና ሥራውን ለሌሎች በፊልም ማስተማር ጭምር ነው።

እኛም የአጎታችንን ጥያቄ ይዘን ወረፋ ፍለጋ ወጣን። ኩዊልት የሚሠሩ ሴቶች በየከተማው እየተገናኙ አብረው ይሰፋሉ፤ በእስራኤልም የራሳቸው ማኅበር አላቸው። ያቺ እመቤት ከጓደኞችዋ ጋር አስተዋወቀችን። ዕብራይስጣችን ገና ኡልፓን ኡልፓን ይል ነበር፤ ቢሆንም ጨርቅ በእጅ ይነገራል። ጠይቀን የጻፍነው ሦስት ነገር ነው፦ በዓመት ስንት ትሠራለሽ? ለማን ታሰፊያለሽ? ምን ያህል ትጠብቂያለሽ? በሁለት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ስም ጻፍን። ከእነርሱ መካከል እውነተኛ ሥራ የሰጡን አራቱ ናቸው። ይህንንም ልብ በሉ፤ «በጣም ጥሩ ነው፣ እደውላለሁ» የሚል ሰው ደንበኛ አይደለም።

የሰው መኪና በሰዓት

መኪናስ ከየት አመጣችሁ ትሉ ይሆናል። በአቅራቢያችን ባለች ከተማ ክንደ ረጅም መኪና ያላት ሴት አለች። እርስዋ የማትሠራበትን ሰዓት በ35 ሸቀል ታከራያለች። መጀመሪያ አስተማረችን፤ በአሮጌ አንሶላ ላይ ለስድስት ሳምንት ተለማመድን።

የመጀመሪያው የደንበኛ ሥራ ለሕፃን አልጋ ነበር። ከላይ ሲታይ እንደ ውኃ ሞገድ የሚያምር ስፌት ወጣልን። ከመደቡ አውርደን ስንገለብጠው ግን ገበሩ በሙሉ በተንጠለጠለ ክር ተሞልቷል! የላዩ ክር ውጥረት ላልቶ ኖሮ እንደ ሽፋሽፍት ቀለበት ቀለበት ሠርቷል። ጨርቁ ተወጥሮ ሳለ ሥሩ ስለማይታይ እስከ መጨረሻው አላወቅንም። ሦስት ሌሊት ተቀምጠን ተረተርነው። ልጆቻችን እየመጡ ከጎናችን ተኝተው ያድሩ ነበር። እንደገና ሰፍተን ስንመልስ ዋጋውን ቀነስን፤ ደንበኛዋም እውነቱን ስለ ነገርናት ተመልሳ መጣች።

ከዚያ ወዲህ ሕግ አለን። ለዚህ ሥራ የምታስቡ ብትኖሩ ያዙት። ገበሩ ከላዩ ጨርቅ በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል መትረፍ አለበት፤ ካልተረፈ ሥራውን አንቀበልም። በተረፈው ዳር ላይ መጀመሪያ ሙከራ እንሰፋለን። በየረድፉ መጨረሻ እጃችንን ከሥር አስገብተን ገበሩን እንዳስሳለን። ለእያንዳንዱ ሥራ አዲስ መርፌ እናስገባለን። በየቀኑም የክር ብናኙን ጠርገን መኪናውን ዘይት እንቀባለን፤ የተከራየነው ቢሆንም።

አሥር ሸቀል በሰዓት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አንድ ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር ለሚሆን ኩዊልት መጀመሪያ ያስከፈልነው 200 ሸቀል ነበር። ገንዘቡን ስንቀበል ደስ አለን፤ ሥጋም ገዛን። በወሩ መጨረሻ ግን ደብተር ይዘን ተቀመጥን።

ለመኪናው ኪራይ ሦስት ሰዓት፣ 105 ሸቀል። ክርና መርፌ 15 ሸቀል። የቀረው 80 ሸቀል ነው። ስንት ሰዓት ሠራን? ከደንበኛዋ ጋር ተነጋግሮ መምረጥ፣ ጨርቁን መተኮስ፣ ለሁለት ሆኖ መደቡ ላይ መወጠር፣ መስፋት፣ ዳሩን ማስተካከል፣ የተንጠለጠለውን ክር መቁረጥ፤ የሁለታችን ሲደመር ስምንት ሰዓት። ሰማንያን ለስምንት ስናካፍለው በሰዓት አሥር ሸቀል ሆነ። የአውቶቡሱን ገንዘብ አልቆጠርንም። በሕግ የተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በሰዓት 34.32 ሸቀል ነበር። በጽዳት ሥራ የምናገኘው ከዚህ አያንስም። እንግዲህ «የራሳችን ንግድ» ያልነው ራሳችንን በርካሽ የምንቀጥርበት ሥራ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

አንዳችን «እንተወው» አለች። ሌላችን «ዋጋውን እንጨምር» አለች። እንዲህ አሰብነው፦ ስምንት ሰዓት በ35 ሸቀል 280 ነው፤ ኪራይ 105፣ ክርና መርፌ 15፤ ድምሩ 400 ሸቀል። ይህን ዋጋ ስንናገር ድምፃችን ተንቀጠቀጠ። እኛ ሰዎች ዋጋ መጥራት እናፍራለን፤ «የፈቀድሽውን ስጪ» ማለት ጨዋነት ይመስለናል። በዚህ አገር ግን ዋጋዋን የማታውቅ ሠራተኛ ሥራዋንም የማታውቅ ትመስላለች። ከአራቱ ደንበኞች ሁለቱ ሄዱ። ሁለቱ ቆዩ፣ የቆዩትም ሌሎች አመጡ። በአሜሪካ ሰፊዎቹ ዋጋ የሚቆርጡት በጨርቁ ስፋት ነው፤ እኛም አሁን በካሬ ሜትር ጽፈን ግድግዳ ላይ ሰቅለናል። የተጻፈ ዋጋ ለሚያፍር ሰው መድኃኒት ነው።

ዘጠኝ ብርድ ልብስ

ከዚህ በኋላ ነው የአጎታችንን ጥያቄ መመለስ የቻልነው። የራሳችን መኪና ቢኖረን ከእያንዳንዱ ሥራ 105 ሸቀል ኪራይ ይተርፈናል። የመኪናው ዕዳ በወር 875 ሸቀል ነው። 875ን ለ105 ብናካፍለው ከስምንት ይበልጣል። እንግዲህ በወር ዘጠኝ ብርድ ልብስ ካልሰፋን መኪናው ከራሳችን ኪስ ይበላል ማለት ነው። ወለዱና ጥገናው ሲጨመር ደግሞ ከዘጠኝም በላይ ነው።

ያን ጊዜ በወር የምንሠራው ሦስት ነበር። ያን ዕለት ፈርመን ቢሆን ኖሮ በየወሩ የስድስት ብርድ ልብስ ዕዳ ከልጆቻችን ምግብ ላይ፣ ካልሆነም ከአጎታችን ደመወዝ ላይ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ቃል ተጋባን፦ ስድስት ወር በተከታታይ ዘጠኝና ከዚያ በላይ ሥራ ሳናገኝ አንፈርምም።

ይህን ሒሳብ ለኩዊልት ብቻ አታድርጉት። ልብስ የምታስተካክሉ፣ ጥልፍ የምትጠልፉ፣ የእንጀራ ምጣድ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ሁላችሁም ጥያቄው አንድ ነው፦ ይህ ዕቃ በወር ስንት ሥራ ይፈልጋል? ዛሬ በእጄ ያለው ስንት ነው?

ስለ ወረቀቱ

በአጭሩ እንነግራችኋለን፤ ዝርዝሩን ግን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጠይቁ።

አንደኛ፣ ለሰው እየሠሩ ገንዘብ መቀበል ንግድ ነው፤ ቤት ውስጥም ቢሆን። በማአም፣ በመስ ሃክናሳና በቢቱአሕ ለኡሚ ፋይል ይከፈታል። ትንሽ ንግድ ብዙውን ጊዜ የሚመዘገበው ኦሴክ ፓቱር ተብሎ ነው። የገቢው ጣሪያ በ2024 እና በ2025 በዓመት 120,000 ሸቀል ነበር፤ የዘንድሮውን ጠይቁ። ኦሴክ ፓቱር ከደንበኛው ማአም አይሰበስብም፤ ለተቀበለው ገንዘብ ካባላ ይሰጣል።

ሁለተኛ፣ ኦሴክ ፓቱር ዕቃ ሲገዛ የከፈለውን ማአም መልሶ አይቀበልም። ኦሴክ ሙርሼ ግን ለንግዱ ለገዛው ዕቃ ማስመለስ ይችላል። ማአም ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ 18 በመቶ ስለሆነ፣ በ42,000 ሸቀሉ መኪና ውስጥ ከ6,400 ሸቀል የሚበልጠው ማአም ነው። በሌላ በኩል ኦሴክ ሙርሼ ለደንበኛው ዋጋ ላይ ማአም ይጨምራል። ትልቅ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት የትኛው እንደሚሻላችሁ ከሒሳብ ዐዋቂ ጋር ተማከሩ፤ ከገዙ በኋላ መማከር ብዙ አይጠቅምም።

ሦስተኛ፣ ቢቱአሕ ለኡሚን አታዘግዩ። ለራሱ የሚሠራ ሰው ከመመዝገቡ በፊት በሥራ ላይ አደጋ ቢደርስበት የሥራ ጉዳት ክፍያ አያገኝም። መርፌ ጣት እንደሚወጋ ሰፊ ያውቃል።

አራተኛ፣ መደቡን ለመትከል ሰፊ ክፍል ያስፈልጋል። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ውሉን አንብቡ፤ ለንግድ ስለሚውል ቤት የአርኖና ክፍያም ሊለይ ስለሚችል ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቁ።

አምስተኛ፣ ምክርና ብድር። ማኦፍ የሚባሉት የመንግሥት የአነስተኛ ንግድ ማዕከሎች ያማክራሉ። በኢየሩሳሌም በ1990 የተቋቋመውና ዛሬ ኦገን የሚባለው ማኅበር ወለድ የሌለው ብድር ይሰጣል፤ ሲጀመርም ለአዲስ ገቢዎች ታስቦ ነው፤ ከመነሻው ከረዳቸው መካከል የእኛ ወገኖች አሉበት። ወለድ የለውም ማለት ግን ዋስ አይጠይቅም ማለት አይደለም። ዕቁባችንም አለ። ነገር ግን የዕቁብ ዕጣ ስለ ወጣ ብቻ ዕቃ አትግዙ፤ ዕጣው ደንበኛ አያመጣም።

ዛሬ የት ነን?

ባለፈው ወር ስድስት ሠራን። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ሰባት፤ ከበዓል በፊት ደግሞ አሥር ደርሰን ነበር። ዘጠኝ ዘጠኝ ስድስት ወር ግን ገና አልሞላንም። መኪና የለንም። ለመደቡ የለካነው የክፍሉ ግድግዳ ሥር የልጆቹ ፍራሽ ተዘርግቷል። አንዳንድ ዘመድ «እስካሁን በሰው መኪና?» እያለ ይቀልድብናል። እኛ ግን ሌሊት እንተኛለን፤ አጎታችንም ልጃቸውን ድረዋል።

ለሠርጉ ስጦታ አንድ ኩዊልት ሠርተን ወሰድን። ለገበሩ ደግ ነጭ ጥጥ መረጥን፤ በየረድፉም ከሥር እየዳሰስን ሰፋነው። አጎታችን ገልብጠው ገበሩን ብቻ አዩና «ይህ የማን ነው ብዬ አልጠይቃችሁም» አሉን። ደብተሩንም አሳየናቸው። ስሞቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ ሃያ ሦስት ናቸው። «ዘጠኙ ሲሞላ ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ» አሉን። እኛም «የዚያን ጊዜ ዋስ ላያስፈልገን ይችላል» ብለን መለስንላቸው፤ ለየወሩ ከየሥራው 50 ሸቀል እያስቀመጥን ነውና።

ውድ አንባብያን፣ ሥራ አትጀምሩ አላልንም። ዛሬውኑ ጀምሩ፤ ነገር ግን ከደብተሩ ጀምሩ። በሚቀጥለው ዕትም ስለ ካባላ አጻጻፍና ስለ ወር ሒሳብ አያያዝ እንጽፋለን። እስከዚያው የራሳችሁን የመጀመሪያ ሥራ ሰዓት ቁጠሩና በሰዓት ስንት እንደ ደረሰላችሁ ጻፉልን፤ አሥር ሸቀልም ቢሆን አትፈሩ፤ እኛም ከዚያው ነው የጀመርነው።

ሰላም ሁኑ፤ ለሂትራኦት።